ዜኒቱ፣ ዲጂታሉና የእናቴ ሳቅ

ባለፈው ፋሲካ ማግስት የልጄ ልጅ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የእናቴ ፎቶ ፊት ቆሞ አየሁት። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስልክ ከእጁ አይጠፋም። ጥቂት ካስተዋለ በኋላ ዞር አለና፣ «እማማ፣ ይሄ በምን ስልክ ነው የተነሳው?» አለኝ።

«በስልክ አይደለም፤ በካሜራ ነው» አልኩት።

«ስንት ሜጋፒክስል?»

«ሜጋፒክስል የለውም። በፊልም ነው የተነሳው።»

ልጁ ፊልም ሲባል የሚያውቀው በቴሌቪዥን የሚታየውን ነው። ዝም ብሎ አየኝ። ተነስቼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩና ዜኒቴን አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ክብደቱ እጁን ወደ ታች ሳበው። «ውይ! ድንጋይ ነው እንዴ?» አለ። ያን ቀን የተጀመረው ወሬ ለሁለት ወር ያህል ቤታችንን ሲያምሰው ከረመ። ይህ ጽሑፍም የዚያ ወሬ ፍሬ ነው።

በሙያዬ ነርስ ነኝ። በ1973 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቄ መጀመሪያ በክፍለ ሀገር፣ በኋላም በአዲስ አበባ ሠርቼ በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ፎቶ ማንሳት እንጀራዬ ሆኖ አያውቅም፤ ነገር ግን በዘመዶቼ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ካሜራ ሳልይዝ የሄድኩበት ቀን ጥቂት ነው። ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «የድሮው ይሻላል ወይስ የአሁኑ?» ይሉኛል። እንደ መድኃኒት ነው እላቸዋለሁ። ለማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነና በምን መጠን እንደሆነ ሳይታወቅ አይታዘዝም።

ዜኒት ወደ ቤታችን ሲገባ

ታላቅ ወንድሜ ኪየቭ ተምሮ በ1975 ዓ.ም. ሲመለስ ከሻንጣው ውስጥ በወፍራም የቆዳ ማኅደር የተጠቀለለ ካሜራ አወጣ። ዜኒት ኢ ይባላል። ፊት ለፊቱ ላይ የሞስኮ ኦሎምፒክ ምልክት ታትሞበታል፤ ምሩፅ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያጠለቀበት የ1972ቱ ኦሎምፒክ መሆኑ ነው። በዚህ የተነሳ ወንድሜ ካሜራውን «ማርሽ ቀያሪው» ብሎ ሰየመው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራ በዛበትና «እንቺ፣ አንቺ ትሻይበታለሽ» ብሎ ሰጠኝ። እስካሁን እኔው ጋር አለ።

ዜኒት ኢ በሞስኮ አጠገብ ባለችው ክራስኖጎርስክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ መመረት የጀመረ ሲሆን፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው እጅ የገባ ካሜራ ነው። ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም። ከሌንሱ በላይ የንብ እንጀራ የመሰለ መስታወት አለው፤ ከመስታወቱ ኋላ ያለው ሴሌኒየም ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ የብርሃን መለኪያዋን መርፌ ያንቀሳቅሳል። የሹተሩ ፍጥነት አምስት ብቻ ነው፤ 1/30፣ 1/60፣ 1/125፣ 1/250 እና 1/500 ሰከንድ። ከእነዚህ ሌላ ጣትዎ እስካልተነሳ ድረስ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት አንድ ማርሽ አለው። ሲያነሱበት ውስጡ ያለው መስታወት «ጧ» ብሎ ይመታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካነሱበት ሰው ሁሉ ዞሮ ያይዎታል።

ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ነው። ርዝመቱ 58 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2 ድረስ ይከፈታል። ንድፉ ከጀርመኑ የካርል ዛይስ ቢዮታር ሌንስ የተወሰደ ነው። በዚህ ሌንስ ፎቶ ለማንሳት ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ብርሃኑን ይለካሉ፤ የሹተሩን ፍጥነት ይመርጣሉ፤ ቀዳዳውን ሙሉ ከፍተው ዓይኑ ጥርት እስኪል ቀለበቱን ያዞራሉ፤ ከዚያ ቀዳዳውን ወደሚፈለገው መጠን ይዘጋሉ፤ በመጨረሻም ትንፋሽዎን ይዘው ይጫናሉ። አንዱን ከዘለሉ ፎቶው ይበላሻል። መርፌ መውጋት ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

በአንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው ያለው። ያን ጊዜ ደመወዜን ለሚያውቅ ሰው 36 ፎቶ ብዙ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከመጫኔ በፊት አስብ ነበር፤ ጀርባው ላይ የተሰጣ ልብስ አለ ወይ፣ ፀሐይዋ ከየት ናት፣ ሕፃኑ ንፍጡ ተጠርጓል ወይ? ዛሬም በዲጂታል ሳነሳ ይህ ልማድ አልለቀቀኝም፤ ለዚህም ዜኒትን አመሰግናለሁ።

የራጅ ክፍሉ አስተማሪዬ

እሠራበት በነበረው የክፍለ ሀገር ሆስፒታል አንድ በዕድሜ የገፉ የራጅ ባለሙያ ነበሩ። ካሜራዬን አይተው፣ «ሲስተር፣ ራጅና ፎቶ ወንድማማች ናቸው። የሁለቱም አባት ብርና ብርሃን ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በፊልሙ ላይ የተቀባው የብር ውህድ ነው። ብርሃን የነካው ቦታ በመጀመሪያው መድኃኒት ይጠቁራል፤ ያልነካውን ደግሞ ሁለተኛው መድኃኒት አጥቦ ያወጣዋል። የቀረው ምስል ኔጋቲቭ ነው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ የሚታየው።

ከሥራ በኋላ ባለው ሰዓት ፊልም ማጠብን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የካሜራ ፊልም እንደ ራጁ በቀይ መብራት አይታይም፤ ድፍን ጨለማ ይፈልጋል። በእጅ ዳሰሳ ብቻ ፊልሙን ከጥቅሉ አውጥቶ ወደ ማጠቢያው ማስገባት ያስፈልጋል። የመድኃኒቱ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ቀን በሕመምተኛ ቴርሞሜትር ልለካ ብዬ ሳቁብኝ፤ የእኛ ቴርሞሜትር ከ35 ዲግሪ በታች መች ያነባል!

በ1976 ዓ.ም. ለዓመት ፈቃድ ወደ ቤተሰቤ ስሄድ አንድ ጥቅል ፊልም ይዤ ሄድኩ። 36ቱንም በእናቴ፣ በእህት ወንድሞቼና በጎረቤት ላይ ጨረስኩት። ከታጠበ በኋላ ኔጋቲቩን ወደ መብራት ይዘን አየነውና ስምንቱን ብቻ መርጠን አሳተምን። ለሌላው ገንዘብ አልነበረኝም። ግድግዳዬ ላይ ያለችው እናቴ ከስምንቱ አንዷ ናት፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀጥ ብላ፣ ሳትስቅ፣ እንደዚያ ዘመን ሰው ለካሜራ ተዘጋጅታ። ቀሪውን 28 ኔጋቲቭ በወረቀት ጠቅልዬ ብስኩት በነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ረሳሁት።

ዲጂታሉ ሲመጣ

የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው ስቲቭ ሳሰን የሚባል የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1975 ነበር። ምስሉ የሚሠራው ከ10 ሺህ ነጥቦች ነበር፤ አንዱን ፎቶ በካሴት ክር ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ዛሬ ተራ የሚባለው ስልክ በአንድ ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይመዘግባል። የሚያስገርመው፣ ዲጂታልን የፈጠረው ኮዳክ ኑሮው ፊልም መሸጥ ነበርና ዘመኑ ሲዞርበት እ.ኤ.አ. በ2012 በኪሳራ የፍርድ ቤት ጥበቃ ጠየቀ። የገዛ ልጁ ቤቱን አፈረሰበት ማለት ነው።

እኔ ዲጂታል ካሜራ የያዝኩት በ2000 ዓ.ም. ነው። ሴት ልጄ ከዱባይ ባለ7 ሜጋፒክስል ትንሽ ካሜራ አመጣችልኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ያነሳሁትን ወዲያው አየዋለሁ፤ ካላማረኝ አጠፋዋለሁ፤ ፊልም መግዣ የለ፣ ማሳጠቢያ የለ። በአንድ ዓመት ውስጥ በዜኒት በሃያ ዓመት ካነሳሁት የበለጠ አነሳሁ። በ2001 ዓ.ም. ፋሲካ እናቴን ከልጅ ልጆቿ ጋር፣ ዶሮ ስትገነጥል፣ ስትመርቅ፣ ደክሟት ጋደም ስትል ሳይቀር ወደ ሁለት መቶ ጊዜ አነሳኋት። በቀጣዩ ዓመት አረፈች።

እነዚያን ፎቶዎች አላሳተምኳቸውም። «ኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ» እል ነበር። በ2003 ዓ.ም. ኮምፒውተሩ አልነሳ አለና ለአንድ ጠጋኝ ሰጠነው። ልጁ ሥራውን ነው የሠራው፤ ዲስኩን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነበትና አሳምሮ መለሰልን። ምን ውስጡ እንዳለ አልጠየቀንም፤ እኛም አልነገርነውም። ወደ ቤት ተመልሰን ስንከፍተው ንጹህ ነበር፤ ባዶ።

ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ ሙያዬ ነበር። ያን ቀን ግን ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጬ እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ «ዲጂታል እምነት የለውም» ስል ኖርኩ። አሁን ሳስበው ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም፤ አንድ ቅጂ ብቻ አስቀምጬ የተኛሁት እኔ ነኝ።

ሁለቱን ጎን ለጎን

ወደ ልጅ ልጄ ልመለስ። «እሺ፣ የትኛው ይበልጣል? እንሞክረው» ብሎ ያዘኝ። ዜኒቱን ይዤ፣ አሁን የምጠቀምበትን ባለ18 ሜጋፒክስል ካነን 600ዲ ለእሱ ሰጥቼ ወደ ታላቅ እህቴ ቤት ሄድን። እትዬ ቡና ልታፈላ ተዘጋጅታ ጠበቀችን። ያየነውን በየፈርጁ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ብርሃን። ሳሎኗ ውስጥ ያለው ብርሃን በመስኮት የሚገባው ብቻ ነበር። የጫንኩት ፊልም አይኤስኦ 400 ነው፤ አይኤስኦ ማለት ፊልሙ ወይም ዲጂታሉ ሴንሰር ለብርሃን ያለው ንቃት ነው። በዜኒት ቀዳዳውን በኤፍ 2 ከፍቼ በ1/60 ሰከንድ አነሳሁ። ልጁ ከካነኑ ጋር የሚሸጠውን ተራ ዙም ሌንስ ነው የያዘው፤ እሱ ፊትን ሲያቀርብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ይህ ከእኔ ሌንስ ጋር ሲተያይ ስምንት እጥፍ ያነሰ ብርሃን ነው። ስለዚህ ካሜራው በዚያው ፍጥነት ለማንሳት አይኤስኦውን ወደ 3200 ማውጣት ነበረበት። አወጣውም፤ ፎቶው ትንሽ ቢሻክርም አምሮ ወጣ። እዚህ ላይ ዲጂታል አሸነፈ፤ ምክንያቱም ከፎቶ ፎቶ ንቃቱን መቀያየር ይችላል። እኔ ግን 36ቱ እስኪያልቅ ድረስ በ400 ታስሬያለሁ።

ሁለተኛ፣ ነጠላ። የአበሻ ልብስ ነጭ ነው፤ ፊታችን ደግሞ ጠይም። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ስለዚህ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ደግሞ ጥላሸት ይሆናል። ጥምቀት ላይ ያነሳችኋቸው ሰዎች ፊታቸው የጠቆረባችሁ በዚህ ምክንያት ነው። በኔጋቲቭ ፊልም መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አንድ ደረጃ ብርሃን መጨመር። ኔጋቲቭ ብርሃን ቢበዛበት ቻይ ነው፤ ካነሰው ግን ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ይጠፋል። ዲጂታል ተቃራኒው ነው። የጨለመውን በኋላ በኮምፒውተር ማውጣት ይቻላል፤ ነጩ ከተቃጠለ ግን የነጠላው ጥበብ ተመልሶ አይገኝም። በዲጂታል የምታነሱ ከሆነ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጉና ጥቂት ጨምሩ፤ ነጩ ተቃጥሎ እንደሆነም በስክሪኑ ላይ አረጋግጡ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰውዬውን ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጥላ ማምጣት ነው።

ሦስተኛ፣ ዓይን። ይህ ለእኔ ቢጤዎች ነው። ዜኒትን አይቼ የማጠራው በራሴ ዓይን ነው፤ የእኔ ዓይን ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ከ36ቱ ዘጠኙ ፎከስ ስተውብኝ ወጡ። ካነኑ ማያ ቀዳዳው አጠገብ እንደ መነጽር ለዓይን የሚስተካከል ትንሽ ጎማ አለው፤ ራሱም ፎከስ ያደርጋል። በስድሳዎቹ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ምሕረት ነው።

አራተኛ፣ ትዕግሥት። ልጁ በአንድ ቡና 214 ፎቶ አነሳ፤ እኔ 22። ቤት ገብተን ስንመርጥ ከእሱ አሥራ አንድ፣ ከእኔ ዘጠኝ ወደድን። እሱ ሙሉ ምሽቱን ሲመርጥ አመሸ። እኔ ደግሞ ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም የሚያጥብ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ፊልሙንም የምታመጣልኝ ከውጭ የምትመጣ የእህቴ ልጅ ናት። እግረ መንገዴን ልምከራችሁ፤ ፊልም የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባ ሻንጣ እንዳያደርገው። የዚያ ሻንጣ ራጅ ኃይለኛ ስለሆነ ፊልም ያበላሻል። በእጅ ይያዘው፤ ፈታሾቹም በእጅ እንዲያዩለት ይለምን።

አሮጌ ሌንስ በአዲስ ካሜራ

የልጅ ልጄን አፉን ያስከፈተው ሦስተኛው ሙከራችን ነው። የዜኒትን ሌንስ ፈትቼ፣ በአንዲት ቀጭን የብረት ቀለበት አማካይነት ካነኑ ላይ አሰርኩት። የዜኒት ሌንስ እንደ ጠርሙስ ክዳን በጥርስ የሚጠመዘዝ ነው፤ ቀለበቷ ያንን ጥርስ ከካነኑ አፍ ጋር ታገናኛለች። ሌንሱ ከፊልም የሚርቅበት ልክ ከካነኑ ጥቂት ስለሚበልጥ ለቀለበቷ ቦታ ይተርፋል፤ ሩቁም ቅርቡም ጥርት ይላል። በኒኮን ላይ ግን ቦታው አይበቃም፤ ተጨማሪ መስታወት የሌለው ቀለበት ከሆነ ሩቁን አያጠራም። ይህን ሳያውቁ ቀለበት ገዝተው የተበሳጩ ወዳጆች አሉኝ።

የፊልሙ ምስል ስፋት 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የካነኔ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ነው፤ ማለትም የፊልሙን ሲሶ ጥቂት ያለፈ። ትንሹ ሴንሰር የሌንሱን መካከል ብቻ ቆርጦ ስለሚወስድ 58 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በፊልም ካሜራ ላይ የ93 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያየውን ያህል ያያል። ይህ ደግሞ ለፊት ፎቶ እጅግ የተመቸ ነው፤ ሰውዬው ላይ ሳንደረብ ራቅ ብለን እናነሳለን፣ አፍንጫም አይተልቅም። ፎከሱን በእጅ ማዞር ግድ ነው፤ ነገር ግን ካነኑ በስክሪኑ ላይ ምስሉን አሥር እጥፍ አጉልቶ ስለሚያሳየኝ የእትዬን ሽፋሽፍት እየቆጠርኩ አጠራሁ።

ውጤቱን ሳየው ዘመናዊው ዙም ከጥግ እስከ ጥግ የተሳለ ነው፤ ሄሊዮስ በኤፍ 2 ሲከፈት ጠርዙ ላይ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ካገኘችውም ይደበዝዛል። ነገር ግን ከእትዬ ጀርባ ያለው ቅጠል እንደ ሽክርክሪት ተጠማዞ ፊቷን ከበበው። በፈተና ወረቀት ሲታረም ይህ የሌንሱ ጉድለት ነው፤ ለዓይን ግን ውበት ነው። እትዬ ሁለቱን አይታ፣ «ይቺኛዋ ሽበቴን ታሳብቃለች፤ ይቺኛዋ ግን ትወደኛለች» አለች። ትወደኛለች ያለቻት የሄሊዮስ ናት።

አሮጌ ሌንስ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ በሌንሱ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ተዉት። ቀዳዳውን የሚዘጉት ቅጠሎች ዘይት አለመንካታቸውን ተመልከቱ። ክረምት ላይ ሌንስ በቆዳ ማኅደር ውስጥ አይቀመጥ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። እኔ የኪኒን ብልቃጥ ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አጠራቅሜ አብሬ አስቀምጣለሁ።

ስልኩስ?

አብዛኞቻችሁ ካሜራ አትገዙም፤ ስልካችሁ ይበቃችኋል። አልቃወምም። ከኪስ የማይለየው ካሜራ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የልጅ የመጀመሪያ እርምጃ ቁም ሳጥን እስኪከፈት አይጠብቅም። ሁለት ነገር ብቻ እወቁ። የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ተጠግታችሁ ፊት ካነሳችሁ አፍንጫ ያተልቃል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። ጀርባን የሚያደበዝዘው ዘዴም ብዙውን ጊዜ የስሌት ሥራ ነውና ሹሩባና ጨፍራራ ፀጉር ጠርዝ ላይ ሲሳሳት ታዩታላችሁ፤ ሌንስ ግን በተፈጥሮው ስለሚያደርገው አይሳሳትም።

እንደ ነርስ ደግሞ አንድ ልጨምር። በሥራ ዘመኔ ሕመምተኛ ያለ ፈቃዱ አንስቼ አላውቅም። ሕፃናትም ፈቃድ መስጠት ባይችሉም ክብር አላቸው። ሲታጠቡ፣ ሲታመሙና ሲያለቅሱ ያነሳችኋቸውን ለቤተሰብ ያዙት እንጂ አደባባይ አታውጡት።

ከብስኩቱ ቆርቆሮ የወጣው

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጁ፣ «እማማ፣ ሌላ ፊልም የለሽም?» አለኝ። ያን ጊዜ ቆርቆሮው ትዝ አለኝ። ከአልጋ ሥር አወጣነው። ኔጋቲቮቹ ወረቀታቸው ቢጫ ሆኗል፤ እነሱ ግን ደህና ነበሩ። ብር ታጋሽ ነው።

እንዲህ አደረግን። የጡባዊ ኮምፒውተሩን ስክሪን ነጭ አድርገን አበራነው። ኔጋቲቩን በሁለት መስታወት መካከል አድርገን፣ የስክሪኑ ነጥቦች እንዳይታዩ ከላዩ ጥቂት ጣት ያህል ከፍ አደረግነው። ሄሊዮስ ከግማሽ ሜትር ቀርቦ ስለማያይ በሌንሱና በካሜራው መካከል ማራዘሚያ ቀለበቶች ጨመርን። ካነኑን በትራይፖድ አቁመን አንድ በአንድ አነሳናቸው። ልጁ በኮምፒውተር ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አደረገው።

አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ከዚያ «ይቺ እናትሽ አይደለችም?» አለኝ። እናቴ ናት፤ ግን የግድግዳዋ አይደለችም። ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ እየሳቀች ነው። እጇ ስለተንቀሳቀሰ ትንሽ ደብዝዟል። ወንድሜ ከጀርባዬ ሆኖ የሆነ ነገር ብሏት ነበር፤ ምን እንዳላት ደውዬ ብጠይቀው አላስታወሰም። ያን ጊዜ «ዓይኗን ጨፍናለች፣ ተበላሽቷል» ብዬ የጣልኩት ፎቶ ነው። ለአርባ ዓመት ግድግዳዬ ላይ ያልሳቀችው እናቴ ቆርቆሮ ውስጥ ስትስቅ ኖራለች።

የ2001ዱ ፋሲካ ፎቶዎች አይመለሱም። ይቺኛዋን ግን ያቆያት ፊልሙ ነው፤ ያሳየኝ ደግሞ ዲጂታሉ። ከዚያ ወዲህ ማን ይበልጣል የሚለውን ክርክር ትቻለሁ።

ዛሬውኑ ልታደርጉት የምትችሉት

• ከዓመቱ ፎቶ ሁሉ አሥራ ሁለት ብቻ መርጣችሁ አሳትሙ፤ በወር አንድ ማለት ነው። ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት 2 ሜጋፒክስል ያህል ይበቃልና የማንኛውም ስልክ ፎቶ ይሆናል።

• የታተመውን ጀርባ በለስላሳ እርሳስ ማን፣ የት፣ መቼ ብላችሁ ጻፉበት። እስክሪብቶ ወረቀቱን ይወጋል፤ ቀለሙም ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል።

• የድሮ ፎቶ ላሚኔት አታስደርጉ። ሙቀቱና ፕላስቲኩ ከተጣበቀ በኋላ መለያየት አይቻልም። በሙጫ የሚያጣብቅ አልበምም እንደዚያው ጎጂ ነው።

• የድሮ ባለቀለም ፎቶ ከፀሐይ አርቁ። ብዙዎቹ ወደ ቀይ መዞር ጀምረዋል፤ ሳይብስ በዲጂታል ገልብጧቸው።

• ኔጋቲቭ አትጣሉ። በጠርዙ ብቻ ያዙት፤ በንጹህ ወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት።

• ዲጂታል ፎቶ ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ በኮምፒውተር፣ አንዱ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ በልጃችሁ ቤት። ፍላሽ ዲስክ ለማጓጓዣ እንጂ ለማቆያ አይታመንም።

• በቴሌግራም ለዘመድ ስትልኩ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል።

• ኮምፒውተር ወይም ስልክ ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶውን ገልብጡ። ካልተቻለ ለጠጋኙ አስቀድማችሁ ንገሩት። ይህን እኔ በውድ ዋጋ ተምሬዋለሁ።

የእናቴን ሳቅ አምስት አሳትሜ ለእህት ወንድሞቼ ሰጠሁ። እትዬ ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያም «አፏን የምትሸፍነው ጥርሷ ስለወለቀ ነበር እኮ» ብላ እንደ እናቴ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሄሊዮስን ካነኑ ላይ አስሮ በረንዳ ላይ አነሳኝ። ስክሪኑን አየና ፊቱን አጨማደደ።

«እማማ፣ ዓይንሽን ጨፍነሻል። ላጥፋው?»

«ተወው፤ አታጥፋው» አልኩት።